የክረምት ወራትና የሕፃናት ደኅንነት



በከላላና በአካባቢው ደጋማ ቀበሌዎች ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ከሰኔ መጨረሻ አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ የሕፃናት ውሎ በቤትና በቤት ዙሪያ ነው። ወቅቱም ብርዱ የሚበረታበት፣ እሳት ከምድጃ የማይጠፋበት፣ ጅረቶች የሚሞሉበት ነው። በየቲም ቤት ደግሞ ችግሩ ይበረታል። እናት የሟች ባሏንም ሥራ ደርባ ስለምትሠራ፣ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም ስትወጣ ሕፃኑን የምትጠብቀው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት እኅቱ ናት። እርሷም ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ልጅ ናት።

ብዙ ሰው ወንዝን እንጂ ጀበናን አይፈራም። ነገር ግን ምድጃችን ከመሬት እኩል በመሆኑ ገና የሚድህ ሕፃን እንኳ ይደርስበታል። በተለይ የዱዓ ቡና ተፈልቶ ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ስለሚያስብ ሕፃኑን ለይቶ የሚመለከተው አይኖርም። የሕፃን ቆዳ ስስ ነውና የፈላ ውኃ በቅጽበት ክፉኛ ያቆስለዋል። ምድጃውን በጭቃ ከፍ አድርጎ መሥራት ወይም ዙሪያውን በእንጨት ማጠር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ቃጠሎ ከደረሰ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዱቄት ወይም ጭቃ መቀባት ቁስሉን ለመመርቀዝ ያጋልጣል። የሚገባው የተቃጠለውን ሥፍራ በንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ የቀረውን ገላ ከብርድ መጠበቅ፣ ከዚያም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ውኃ የቋጠረውን ማፍረጥ አይገባም።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ለሰው ጠላት መሆኑን ተናግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል። አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤት ልታቃጥል እንደምትችልም አስጠንቅቀዋል። ኩራዝ የሚያበራ ቤት ይህን በሚገባ ይረዳዋል። ከሰልም ከዚሁ አይለይም፤ ለብርዱ ተብሎ ቤቱ ተዘጋግቶ ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ አየር ይወጣዋል፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። ሕፃን ከጠጣው እንዲያስመልስ ማድረግ ወደ ሳንባው ሊያስገባው ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የውኃው አደጋ በደጅም በቤትም ነው። ታዳጊ ሕፃን በባልዲ ውስጥ ባለ ጥቂት ውኃ ሊሰጥም ይችላል፤ ስለዚህ ባልዲና በርሜል ይከደን፣ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድም ይታጠር። ወደ ጀማና ወደ ዓባይ የሚወርዱት ጅረቶች ደግሞ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ በዘነበው ዝናብ በድንገት ይሞላሉ። የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል፣ ጅረት ተሻግረው ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች ያሏቸው ኡስታዞች በጧት ቢያስቀሩና ቢያሰናብቱ ይመረጣል። መብረቅ ሲበዛም ልጆች ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር እንዳይጠለሉ ይነገራቸው።

በመስከረም ደብተርና ልብስ የምትለግሡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክዳን ያለው በርሜልና በፀሐይ የሚሠራ መብራት በሰኔ ቢደርስ ለብዙ ቤት ይጠቅማል። ከዚያ ይልቅ የሚበልጠው ግን በየመንደሩ ለአረም የማትወጣ አንዲት እናት ከእርዳታው ትንሽ እየተከፈላት የአራት የአምስት ቤት ሕፃናትን በአንድ ቤት ሰብስባ እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ብትጠብቃቸው ነው።