«የእብደት ጂን» ወይስ ጂኒ?

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው «ሳይንቲስቶች የእብደትን ጂን አገኙ፤ ከእንግዲህ ከጋብቻ በፊት በምርመራ መለየት ይቻላል» ሲል ሰማሁ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ድሮስ ጂኒ ነው ስንል ማን ሰማን!» አሉ። ረዳቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከወረድኩ በኋላ ግን ሳቁ ጠፍቶ ንዴቱ ቀረ። እናትየዋ የሳቱት አንዲት ፊደል ነው፤ ዜናው ግን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ስህተት ነበር።

(«ጂን» የሚለውን ትቼ «ዘረመል» የምለው ለዚሁ ነው። እሱም ከችግር አላመለጠም፤ እኛ አገር «ዘር» ሲባል ሌላ ብዙ ነገር ይነሣል።)

ሬዲዮው «እብደት» ያለው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን ሕመም ነው፤ እሱም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ጎረቤት ሊገድለኝ ያሴራል ብሎ አጥብቆ ማመን፣ ሐሳብ መያዣ መጨበጫ ማጣት፣ ቀስ በቀስም ከሰው መሸሽ ነው። ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ማብቂያና በሃያዎቹ ነው። ይህን የዕድሜ ነገር ያዙልኝ። ስሙን ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በ1908 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በግሪክኛ «የተሰነጠቀ አእምሮ» እንደ ማለት ስለሆነ በአንድ ገላ ሁለት ሰው የሚኖር የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ጃፓኖች ተመሳሳይ ስም ቢያስቸግራቸው በ2002 ለወጡት። የእኛ «እብደት» ደግሞ የወባ ትኩሳት ያስለፈለፈውንም፣ አረቄ ያናወዘውንም፣ ይህንንም በአንድ ጆንያ የሚከት ቃል ነው።

ወደ ዘረመሉ እንሂድ። በ2018 የወጣ የዴንማርክ የመንትዮች ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላውም የሚታመመው ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ነው። ውርስ ድርሻው ትልቅ ባይሆን ኖሮ ቁጥሩ ከመቶ አንድ ተነሥቶ እዚህ ባልደረሰ ነበር። ውርስ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ደግሞ ሁለቱም ሁልጊዜ አብረው በታመሙ ነበር፤ ዘረመላቸው አንድ ነውና። በ2022 የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት 77 ሺህ ገደማ ሕሙማንን ከ240 ሺህ በላይ ከሆኑ ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ 287 የዘረመል አካባቢዎችን ለየ። እያንዳንዱ የሚጨምረው አደጋ ኢምንት ነው። ሬዲዮው ግን «ጂኑ» አለ፣ በነጠላ። ወጡ ሲያቃጥል የትኛው የበርበሬ ዛላ ነው ያቃጠለኝ ተብሎ ይጠየቃል? እርግጥ ብቻውን ከባድ የሆነም አለ፤ ክሮሞሶም ከሚባሉት የዘረመል ጥቅሎች ከ22ኛው አንድ ቁራጭ ጎድሎባቸው ከሚወለዱት ከአራት አንዱ ገደማ ይህ ሕመም ወይም ዘመዱ ይይዘዋል። ይህ ግን ብርቅ ነው።

ከ287ቱ የእኔን ልብ የወሰደው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ፣ በሽታ ተከላካይ ዘረመሎች በተሰበሰቡበት ሰፈር የሚገኘው ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሆን ነገር እዚያ ሰፈር ምን ይሠራል? መልሱ በ2016 ከሃርቫርድ መጣ። ስቲቭ ማካሮል፣ ቤት ስቲቨንስና ባልደረቦቻቸው ጣታቸውን ሲ4 በሚባለው ዘረመልና በሚሠራው ፕሮቲን ላይ ጠቆሙ። ሲ4 በደማችን ውስጥ የታወቀ ሥራ አለው፤ ተዋሲያን ላይ እየተለጠፈ «ይህ ይበላ» የሚል ምልክት ያኖራል። ሊፈርስ በተወሰነ አጥር ላይ በቀይ ቀለም የሚደረገውን ምልክት ያየ አዲስ አበቤ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቀቢው አያፈርስም፤ አፍራሹ ግን ቀለም ያየበትን አይምርም።

አንጎል ውስጥ የሚፈርሰው ምንድን ነው? የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው መገናኛዎች ናቸው፤ ሲናፕስ ይባላሉ። ፒተር ሁተንሎኸር በ1979 የሟቾችን አንጎል በማይክሮስኮፕ እያየ ሲቆጥራቸው፣ በሕፃንነት ከልክ በላይ በዝተው ከዚያ እስከ ጉርምስና እየቀነሱ እንደሚሄዱ አገኘ። ጉዳት እንዳይመስላችሁ። ገበሬ በቆሎውን አብዝቶ ዘርቶ ሲበቅል ያሳሳዋል፤ ካላሳሳው ሁሉም ይቀጭጫል። (የቃሉ ነገር እዚህም አስቸግሮኛል። «መግረዝ» ብል አንባቢው ወደ ሌላ ግርዛት ይሄድብኛል፤ «ማሳሳት» ስል ደግሞ ሲጻፍ ሰውን ከማሳሳት አይለይም። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አንባቢ ይፍረደው።)

ኧርዊን ፋይንበርግ የሚባል አሜሪካዊ በ1982 «በጉርምስና የሚደረገው ማሳሳት ከልክ ቢያልፍስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ለሠላሳ አራት ዓመት ሐሳቡ አማረ እንጂ መሣሪያውን ያሳየ አልነበረም። ሲ4 መሣሪያ ሆነለት። ሲ4ኤ የተባለውን ዓይነት በአንጎላቸው አብዝቶ የሚያመርት ዘረመል የወረሱ ሰዎች አደጋቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ሲ4 የሌላቸው አይጦች ደግሞ መገናኛዎቻቸው በወጉ ሳይሳሱ ቀሩ። አፍራሾቹ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ዘበኞች ናቸው። ቀቢው ቀለም ሲያበዛ ዘበኞቹ ታዝዘው ያፈርሳሉ፤ አንድ አጥር፣ ቀጥሎ ሌላ፣ በመጨረሻ መንደሩ መንገድ ለመንገድ መገናኘት ያቅተዋል። ማሳሳቱ በመጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ወደ አንጎል የግንባር ክፍል ነው፤ ይህም በጉርምስና። ያዙልኝ ያልኩት ዕድሜ።

እዚህ ራሴን መግታት አለብኝ፤ በሙያዬ የዘረመል ሰው ነኝ፣ የምንወደውን ሐሳብ ደግሞ አንጠረጥርም። ከባዱን የሲ4 ዓይነት የወረሰ ሰው ቀላሉን ከወረሰው የሚበልጥበት አደጋ ሩብ ያህል ብቻ ነው። አይጦቹ የተመረመሩት በእይታ መስመራቸው ላይ እንጂ በግንባር አልነበረም፤ አይጥም ድምፅ ሲሰማት ለማንም አትናገርም። ሚኖሳይክሊን የተባለው የታወቀ መድኃኒት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ማይክሮግሊያ መገናኛ መብላቱን ቀንሷል፤ በብሪታንያ 207 ሕሙማን ላይ ለአንድ ዓመት ሲሞከር ግን የረባ ለውጥ አላሳየም። ከሁሉ የሚያሳፍረን ደግሞ ማስረጃችን በአብዛኛው ከአውሮፓና ከምሥራቅ እስያ ሰዎች መምጣቱ ነው። በዘረመል ከሁሉ የበለጠ ልዩነት ያለው አፍሪካዊው ሆኖ ሳለ፣ እነዚህን ትንንሽ አደጋዎች ደምሮ ከአውሮፓውያን የተሰላው «የአደጋ ነጥብ» ለእኛ በጣም ይደክማል። ይህን ለማረም ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ናሙና ሰብስቧል። ነጥቡ ለአውሮፓዊውም ቢሆን እገሌ ይታመማል ብሎ አይናገርም። የተባለው የጋብቻ ምርመራ የለም ማለት ነው።

በእናትና በማኅፀን ላይ የሚወራውም ከዘረመሉ ወሬ አይሻልም። እኛ ዘንድ «በቀትር ወንዝ ወርዳ ተለክፋ ነው» ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባለች የአእምሮ ሐኪም ሕመሙን የምታመጣ እናት አለች ብላ ጽፋ ስንት እናት በጸጸት ተቃጥላለች። የሚታወቀው ይህ ነው። በ1944 እና 1945 ክረምት የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድስ ምግብ እንዳይገባ ዘጋ፤ የቀን ቀለቡ ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ በጠናበት ጊዜ የተፀነሱት ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከሌላው ሁለት እጥፍ ነበር። በቻይና ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ረሃብ የተፀነሱትም እንዲሁ። ሁለት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፤ ከመቶ አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው፣ 98ቱ በዚህ አልታመሙም። በእኛ አቆጣጠር የ77ቱን ረሃብ በእናቱ ማኅፀን ያለፈ አንባቢ ቁጥሩን በዚህ ልክ ያንብበው። በእርግዝና ኢንፌክሽን መያዝ፣ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው የእርግዝና ችግር፣ በወሊድ ጊዜ የኦክስጅን ማነስ፣ እነዚህም ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። ጉንፋንን በተመለከተ ጥናቶቹ እርስ በርስ ይጣላሉ።

ማንም የማያነሣው አባትን ነው። የወንድ ዘር ዕድሜ ልኩን ይገለበጣል፤ ብራና እየገለበጠ እንደሚያረጅ ጸሐፊ ስህተቱ ይጠራቀማል። በአይስላንድ በ2012 እንደተቆጠረው አባት አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ልጁ ሁለት ያህል አዲስ የዘረመል ለውጥ ይወርሳል። በኢየሩሳሌም በ2001 የወጣ ጥናት ከሃምሳ በላይ የሆኑ አባቶች ልጆች አደጋቸው ከሃያ አምስት በታች ከሆኑት ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። መንስኤው ለውጦቹ ይሁኑ ወይስ ለሕመሙ የተጋለጡ ወንዶች ዘግይተው ማግባታቸው፣ ክርክሩ አልተዘጋም። የእጮኛን ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች የሙሽራውን ዕድሜ ሲጠይቁ ግን ሰምቼ አላውቅም።