ባት ሲያብጥ፣ ደም ሲወፍር

አንድ ጤነኛ ወጣት ማታ በሰላም ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ አንደኛው ባቱ ብቻ አብጦ፣ ተወጥሮና ሞቆ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወለምታን ነው። ሯጭ ከሆነማ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠናል፤ ትናንት ዳገት ሲወጣ ውሏል፣ ጅማቱ ተጎትቶ ይሆናል። ስለዚህ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፣ በቅቤ ይታሻል። ይህ ወጣት ባለፉት ወራት ጉልበት ይጨምራል የተባለ የሆርሞን መርፌ ሲወጋ ከርሞ ከሆነ ግን ባቱ ውስጥ ያለው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። የረጋ ደም ደግሞ ፈጽሞ መታሸት የለበትም። ሲታሽ ተቆርሶ ወደ ልብ፣ ከልብም አልፎ ወደ ሳንባ ሊሄድና የሳንባውን የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። ሰው በዚህ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ የእግር እብጠት ለዓይን እንግዳ አይደለም፤ ለመዘናጋት የሚዳርገውም ይኸው ነው። አካባቢው ድርቅ ደጋግሞ የጎዳው ነው። መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2015 የገባው ቃል ‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን› ተብሎ በዚችው ከተማ ስም ተጠርቷል። የምግብ እጥረት የሚያመጣውን እብጠት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ባለሙያዋ የሕፃኑን የሁለቱን እግሮች የላይኛ ገጽ በአውራ ጣቶቿ ለ3 ሴኮንድ ያህል ጫን አድርጋ ትይዝና ትለቃለች። ጣቶቿ ያረፉበት ቦታ በሁለቱም እግር ላይ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ሕፃኑ በአስቸኳይ መታከም አለበት። ሌላው በኢትዮጵያ ደጋዎች የታወቀው እብጠት ዝሆኔ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ሲኬድ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው የሊምፍ ሥሮችን ያቆስላሉ፤ እግሩም ከጣቶቹ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያብጣል። የመጀመሪያው ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ሁለተኛው ዓመታት ይፈጃል። የረጋ ደም ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግር ብቻ መርጦ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሳብጣል።

ሆርሞንና የደም መርጋት ምን እንደሚያገናኛቸው ለመረዳት ከኩላሊት መነሳት ይሻላል። ኩላሊት ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ በስፖርቱ ዓለም ኢፒኦ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ የአጥንት መቅኔ ዘንድ ሲደርስ መቅኔው ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል፤ ኦክስጅን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሕዋሳት ኦክስጅን ማነሱን እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው በሳምንታት ውስጥ ቀይ ሕዋሳቱ የሚበዙትም በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የኛ ደጋ ሰዎች ለዓለም ሳይንስ ያስተማሩት ነገር አለ፤ ብዙ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሰቆጣ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ከዋግ በስተምዕራብ፣ ተከዜን ተሻግሮ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ይጀምራሉ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በእነዚህ ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። በዚያ ከፍታ ደም መወፈር ነበረበት። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን (በቀይ ሕዋሳት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ) ግን በዴሲሊትር በአማካይ 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ በባህር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች በ4,000 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ወንዶች ግን ወደ 19 ግራም ይጠጋሉ። ከእነሱ መካከል ደማቸው ከልክ በላይ ወፍሮ የሚታመሙ አሉ፤ በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የገለጸው የፔሩ ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ ነው። የሰሜን ተራሮች ሰዎች ደማቸውን ሳያወፍሩ 95 በመቶ በሚሆን የኦክስጅን ሙሌት ይኖራሉ። እንዲህ ያለ አካል ባለበት አገር ደም የሚያወፍር መርፌ ለሯጭ ወጣት ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል።

በመርፌ የሚሰጠው ኢፒኦ ሲሠራ ለሯጭ ታስቦ አልነበረም። ኩላሊታቸው የደከመና ደም ያነሳቸው ሕሙማን ናቸው የታሰቡት፤ አሜሪካ ለእነሱ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዓመቱ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለስፖርተኞች ከለከለው፤ ምርመራ የተጀመረው ግን በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ነው። በ2007 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በሕሙማን ላይ የታየውን የደም መርጋትና የልብ አደጋ አይቶ መድኃኒቱ ላይ ከሁሉ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አደረገ። ይህ እንግዲህ በሐኪም ዓይን ሥር፣ ደም በየጊዜው እየተለካ የሚወስዱት ሰዎች ላይ የደረሰ ነው። እኛም ዘንድ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የ3,000 ሜትር መሰናክል ሯጯ ዘርፌ ወንድማገኝ ኢፒኦና ቴስቶስትሮን ተገኝቶባት እ.ኤ.አ. በ2024 ለ5 ዓመት ታግዳለች። ስለ እገዳ፣ ስለ ሜዳሊያና ስለ ስም መጥፋት ብዙ ይወራል። መርፌው ሰውነት ውስጥ ስለሚሠራው ግን እምብዛም አይነገርም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ከደም ውስጥ ቀይ ሕዋሳት የያዙት ድርሻ በጤነኛ ወንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር ደሙ እንዳልተጠለለ ጉሽ ይወፍራል፤ ልብ ለመግፋት ይቸገራል፣ ፍሰቱም ይዘገያል። የጀርመኑ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካጠና ወዲህ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሯቸው ሦስት የመርጋት ምክንያቶች አሉ፤ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት ማዘንበል። ሆርሞን የሚወጋ ሯጭ ከሦስቱ ሁለቱን በሁለት ቀን ሊያሟላ ይችላል። ደሙ ወፍሯል። ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ በሐሩር ሮጦ ላብ አፍስሷል፤ ውሃ ሲያንስ ደሙ ይብስ ይወፍራል። በማግስቱ ለውድድር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ይጓዛል። ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ሥራ ፈትቶ ሲውል ደሙ በጥልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ይተኛል። መርጋቱ ብዙ ጊዜ በግራ እግር ይበረታል፤ ዳሌ ውስጥ የግራው ደም መላሽ ሥር ከቀኙ ደም ቅዳ ሥር በታች ተጭኖ ስለሚያልፍ ነው።

ቴስቶስትሮንም መቅኔውን ያነቃቃል፣ ቀይ ሕዋሳትን ያበዛል። በተጨማሪም ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። የዕድገት ሆርሞንም ውሃ ያጠራቅማል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ሁለቱም ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጫማው ሊጠብበው ይችላል፣ ጣቶቹም ይደነዝዛሉ። ክብደት ለመጨመር ወይም ሕመም ለማስታገስ ያለ ትእዛዝ የሚዋጡት ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎንም ከሆርሞን ወገን ናቸው፤ ፊትና እግር ያሳብጣሉ። የሁለት እግር እብጠት ልብን፣ ኩላሊትንና ጉበትን ማስመርመር ይጠይቃል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስድ ሴት ደግሞ የመርጋት አደጋው ይጨምርባታል፤ ሌላ ሆርሞን ሲደረብበት ይብሳል። ጭን ላይ በቆሸሸ መርፌ የተወጋ ዘይታማ መድኃኒት መግል ከቋጠረም አንድ እግር ያብጣል፤ ያኔ መርፌው የገባበት ቦታ ይቀላል፣ ትኩሳትም ይኖራል።

ሐኪሞች አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚጠቀሙበትን መለኪያ ማንም በልብስ ሰፊ ሜትር ሊሞክረው ይችላል። ከጉልበት በታች፣ በቅልጥሙ ፊት ላይ ከሚዳሰሰው ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዶ የሁለቱን ባቶች ዙሪያ መለካት ነው። ያበጠው ከሌላው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከበለጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚህ ያነሰ ልዩነት ግን ነጻ አያወጣም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው በአልትራሳውንድ የደም ሥሩን ማየት ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ደረት መውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ራስን መሳት ከታከለበት ደሙ ሳንባ ደርሶ ይሆናልና በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ለሰቆጣ ሰው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለለት። እግሩን ማሸት፣ በሙቅ ነገር መጫንና በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይቅር። ወጌሻም ቢሆን አንድ እግር ያለ ውድቀትና ያለ ምት ካበጠ መልሶ ወደ ሐኪም ቢልክ ነፍስ ያተርፋል።

ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ምን እንደተወጉ መደበቅ አደገኛ ነው። ወጣቱ እገዳን፣ ፖሊስንና አሰልጣኙን ይፈራል። የሕክምና ምስጢር የሙያው ግዴታ ነው። ያልተነገረው ሐኪም ግን የ22 ዓመት ጤነኛ ሯጭ እግር ላይ መርጋትን ላያስብ ይችላል፤ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ይሸኘዋል። ስሙን የማያውቀው መድኃኒት ከሆነ ብልቃጡን ወይም ካርቶኑን ይዞ ይሂድ።

መርጋቱ ሲረጋገጥ ሄፓሪን በመርፌ፣ ዋርፋሪን ወይም ሪቫሮክሳባን በአፍ ይሰጣል፤ ቢያንስ ለ3 ወር። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ሳይጠይቅ እንዳይውጥ፣ ደም ሊያፈስሰው ይችላል። ሆርሞኑን ዛሬ ቢያቆም ደሙ ነገ አይቀጥንም። ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀን ይኖራል፤ ጡንቻ ላይ የተወጋው ዘይታማ ቴስቶስትሮንም ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ መርፌውን ከተወ በኋላም በእነዚያ ሳምንታት ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ረጅም መንገድ ሲሄድ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዶ ይራመድ፣ እግሩንም ማታ ማታ እያስተያየ ይመልከት።