ደኑን የሚጠብቀው ማን ነው?

ከከፋ፣ ከኢሉ አባቦርና ከባሌ ወደ ገበያ የሚወጣው የደን ቡና፣ እንዲሁም ማሩና ሰሙ፣ ምንጩ የዛፍ ጥላ እንደ ሆነ ለነጋዴ ሁሉ የተገለጠ ነው። ስለዚህ የደን አስተዳደር ነገር ለደን ሹማምንት ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ የላኪውንም የንግድ መዝገብ የሚነካ ጉዳይ ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ ልዩ ልዩ መንገዶችን ፈትናለች። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጡት ሦስት አዋጆች ደንን የመንግሥት፣ የግልና ለጥበቃ የሚከለል ብለው ለዩት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ሰፋፊው ደን በመንግሥት እጅ ሆነ። ነገር ግን ባለቤቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሆነ ደን ባለቤት እንደ ሌለው ይቈጠራል። ጫካው ሰፊ፣ ዘበኛው ጥቂት ነው፤ ባላገሩም «እኔ ብተወው ሌላው ይቈርጠዋል» ብሎ መጥረቢያውን ያነሣል።

ከዚህ የተለየው መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጭሊሞ፣ በቦንጋና በአዳባ ዶዶላ የተጀመረው የጋራ ጥበቃ ነው። በአዳባ ዶዶላ ከ30 የማይበልጡ አባወራዎች በአንድ ማኅበር ሆነው ከመንግሥት ጋር ተዋዋሉ፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 12 ሄክታር ያህል ታስቦም ወሰኑ የታወቀ ደን ተረከቡ። በደኑ የመጠቀም መብት አገኙ፤ በአንጻሩም ኪራይ ሊከፍሉና ደኑ እንዳይመናመን ሊጠብቁ ግዴታ ገቡ። በኋላም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ጋር የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን በሕግ አወቀ።

ማኅበር መቋቋሙ ብቻውን ግን አይበቃም። ጠባቂው ከማርና ከቡና የሚያገኘው ገንዘብ ደን መንጥሮ ከሚያርሰው ካነሰ ውሉ ይላላል። ይህንንም ዋጋ ከሚወስኑት አንዱ ገዢው ነጋዴ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የበቀለበት ቦታም በካርታ ላይ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ጥያቄው አስመጪውን አልፎ ላኪው ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ወሰኑ የተለየና አባላቱ የተመዘገቡ ደን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ጠባቂ የሌለው ጫካ ግን መልስ የለውም።

እንግዲህ ላኪው ሲገዛ ቀበሌውንና ማኅበሩን መዝግቦ ቢይዝ፣ ምንጩ ከማይታወቅ ቡና ጋር ባይደባልቅ፣ ለደን ቡናም ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል፣ የሚጠብቀው ጫካውን ብቻ ሳይሆን የራሱን ገበያ ጭምር ነው።