አሚን ለአንዲት የአንጎል ሴል ምን ይነግራታል?

ፈተና ሲቃረብ በየመኝታ ክፍላችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ጓደኛችን ጫቱን ይዞ ይቀመጥና ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያድራል፤ ሲነጋም «ዛሬ አንጎሌ ተከፈተ» ይለናል። ለመሆኑ ተከፈተ የተባለው ነገር ምንድን ነው? ይህን ከሥሩ ለመረዳት የፈለገ ሰው ከሰው አንጎል አስቀድሞ ወደ አይጥ አንጎል፣ በዚያም ውስጥ ወደ አንዲት ሴል መውረድ አለበት፤ የሚበዛው ዕውቀት የተገኘው ከዚያ ነውና።

እንደሚታወቀው የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኞች አማካይነት ነው። ከእነዚህም አንዱ ግሉታሜት ሲሆን፣ ሥራው ፈጣን ነው፤ በጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ ሴሏን ቀስቅሶ የኤሌክትሪክ ምት እንድትሰጥ ያደርጋታል። አሚን የሚባሉት ኖርአድሬናሊን፣ ዶፓሚንና ሴሮቶኒን ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። እስቲ ከሦስቱ በተለይ ኖርአድሬናሊንን እንመልከት።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1962 ቤንግት ፋልክና ኒልስ-ኦከ ሂላርፕ የተባሉ ሁለት የስዊድን ሊቃውንት አንድ ዘዴ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይኸውም የደረቀውን የአካል ቁራጭ በፎርማልዴሃይድ ተን ሲያጥኑትና ልዩ ብርሃን በሚያበራ ማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን አረንጓዴ፣ ሴሮቶኒን ደግሞ ቢጫ ሆኖ ያበራል። በ1964 አኒካ ዳልስትሮምና ሼል ፉክሴ በዚሁ ዘዴ በአይጥ አንጎል ውስጥ አሚን ያላቸው ሴሎች የት የት እንደሚገኙ በዝርዝር አሳዩ።

የሚያስደንቀው የሴሎቹ ማነስ ነው። የአንዲት አይጥ አንጎል 200 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት። ለአንጎሏ ኖርአድሬናሊንን በብዛት የሚያቀርበው ሎከስ ሴሩሊየስ የተባለው ሥፍራ ግን በአንድ ወገን ያለው ሴል ወደ 1,500 ገደማ ብቻ ነው። ቢሆንም የእነዚህ ጥቂት ሴሎች ክሮች እየተከፋፈሉ ከአንጎል ቅርፊት እስከ ኅብለ ሰረሰር ይደርሳሉ። እንግዲህ ይህን ያህል ጥቂት ሴል ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ለእያንዳንዱ የተለየ ወሬ ሊያደርስ እንደማይችል ግልጽ ነው። ታዲያ የሚያደርሰው ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት አንዲትን ሴል ለይቶ መጠየቅ አስፈለገ። ተመራማሪዎች ብዙ ቀዳዳ ያለው እጅግ ቀጭን የመስተዋት ቧንቧ ሠርተው ወደ አይጥ አንጎል አስገቡ፤ በአንዱ ቀዳዳ የሴሏን ምት ያዳምጣሉ፤ በሌላው በትንሽ የኤሌክትሪክ ኀይል እየገፉ አሚኑን ያፈሱባታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሎይድ ብሉም፣ ባሪ ሆፈርና ጆርጅ ሲጊንስ ከኋላ በሚገኘው በትንሹ አንጎል ውስጥ ፑርኪንዬ በሚባሉት ሴሎች ላይ ኖርአድሬናሊን ሲያፈሱ፣ ሴሎቹ ምታቸውን ቀነሱ። ስለዚህ «ኖርአድሬናሊን ዝም የሚያሰኝ ነው» የሚል አሳብ ተነሣ። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ግን ዶናልድ ውድዋርድና ጓደኞቹ ጥያቄውን አሻሻሉት፤ ሴሏ ከሌላ ነርቭ ስትቀሰቀስ የምትሰጠውንም መልስ ለኩ። የራሷ ምት ሲቀንስ መልሷ ግን አብሮ አልቀነሰም፤ ከቀድሞው ይልቅ ጐልቶ ታየ።

ነገሩ የነጋሪት ነገር ነው። በገበያ መካከል ሁሉም ሲያወራ ማንም ማንንም አይሰማም። ነጋሪት ሲጐሰም ሁካታው ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ዐዋጅ ይሰማል። ነጋሪቱ ራሱ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተናገረም። ኖርአድሬናሊንም ወሬ አያመጣም፤ የሚመጣው ወሬ እንዲሰማ ያደርጋል እንጂ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በ1982 ዳንኤል ማዲሰንና ሮጀር ኒኮል አንዱን መንገድ አሳዩ። በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ ያለች ሴል ለረዥም ጊዜ ብትቀሰቀስም ጥቂት ምት ሰጥታ ዝም ትላለች። ምክንያቱም በእያንዳንዱ ምት ካልስየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካልስየሙ የፖታስየምን በሮች ያስከፍታል፤ ፖታስየሙም ሲወጣ ሴሏን እንደ ፍሬን ይይዛታል። ኖርአድሬናሊን ቤታ በሚባለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ በሴሏ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው ንጥረ ነገር ይበዛል፤ ፍሬኑም ይላላል። ያን ጊዜ ሴሏ ቀስቃሹ እስካለ ድረስ ምቷን ትቀጥላለች።

ነገር ግን ነጋሪቱን የሰማ ሁሉ አንድ ነገር አያደርግም። ኖርአድሬናሊን በሎከስ ሴሩሊየስ በራሱ ሴሎች ላይ ሲያርፍ፣ በዚያ ያለው ተቀባይ አልፋ ሁለት የተባለው ስለ ሆነ፣ የፖታስየም በር ተከፍቶ ሴሎቹ ጸጥ ይላሉ። ስለዚህ «ይህ አሚን ቀስቃሽ ነው ወይስ አስታጋሽ?» ብሎ መጠየቅ ስሕተት ነው፤ መጠየቅ ያለበት «ይህች ሴል ምን ዐይነት ተቀባይ አላት?» ተብሎ ነው።

ነጋሪቱም ጊዜ አለው። ጋሪ አስተን ጆንስና ብሉም በ1981 እንዳሳዩት፣ የሎከስ ሴሩሊየስ ሴሎች አይጧ ነቅታ ሳለች ምት ይሰጣሉ፤ ድንገተኛ ድምፅ ስትሰማ ይፈጥናሉ፤ ስትተኛ ይቀንሳሉ፤ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ግን ዝም ለማለት ይቃረባሉ።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ከትኩስ የጫት ቅጠል በ1975 ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ከነርቭ ጫፎች እንዲፈሱ ያደርጋል፤ ይኸውም ነጋሪቱን ያለ ጊዜው መጐሰም ነው። በአይጥ የአንጎል ቅርፊት ሴሎች ላይ የተደረገው ምርመራ እንደሚያሳየው ደግሞ፣ ኖርአድሬናሊን በልኩ ሲሆን የሴሏ መልስ ይበረታል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን መልሷ ተመልሶ ይደክማል። እርግጥ አይጥ ሰው አይደለችም፤ በአንዲት ሴል የታየውንም በጠቅላላው አእምሮ ላይ እንዳለ መጫን አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ልንማር እንችላለን። ነጋሪት ዐዋጅን ያሰማል እንጂ ዐዋጅን አይጽፍም። ዓመቱን ሙሉ ያልተጻፈ ዐዋጅ፣ በፈተናው ዋዜማ ነጋሪቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢጐሰም ከየት ይነበባል?