«አባዬ፣ ቤዝቦል መቼ ነው የምንሄደው?»

ሰኞ ጠዋት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ አስተማሪዋ ሕፃናቱን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ ታደርግና «ቅዳሜና እሑድን እንዴት አሳለፋችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ከአባቱ ጋር ቤዝቦል ሊያይ ጓንቱን ይዞ መሄዱን ይናገራል። የኢትዮጵያዊው ልጅ ተራ ሲደርስ «ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ከዚያ ክርስትና ሄድን» ይላል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም የሚያኮራ ነው። ሆኖም ልጁ ማታ ቤት ሲገባ አባቱን ይጠይቃል፦ «አባዬ፣ እኛስ ቤዝቦል መቼ ነው የምንሄደው?»

የአባት መልስ የታወቀ ነው፤ «አንድ ቀን እንሄዳለን» ይላል። ያቺ «አንድ ቀን» ግን አትመጣም። ቅዳሜ ሥራ ነው። እናትም በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ ደርባ ትሠራለች። እሑድ ደግሞ ቅዳሴው፣ ዕቁቡና ልቅሶው አለ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ብዙ ወላጅ በግልጽ የማይናገረው ሌላ ምክንያትም አለ፤ ጨዋታውን አያውቀውም። ልጅ ፊት አላዋቂ ሆኖ መቀመጥ ደግሞ ይከብዳል።

ቤዝቦል የሌላት ከተማ

አለማወቁ የወላጆች ጥፋት አይደለም። ዋሽንግተን ሴናተርስ የተባለው የከተማዋ ቡድን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቴክሳስ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደዚህ አካባቢ መምጣት የጀመሩት ደግሞ ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ ነው። ስለዚህ ያ ትውልድ የደረሰው ቤዝቦል ጥሏት ወደ ሄደ ከተማ ነበር። ማየት የፈለገ በ1992 ወደ ተከፈተው የባልቲሞር ካምደን ያርድስ ስታዲየም መንዳት ነበረበት። በዚያ ሜዳ ካል ሪፕከን በ1995 አንድም ጨዋታ ሳይቀር 2,131ኛ ተከታታይ ጨዋታውን ተሰልፎ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ለማድነቅ የቤዝቦል ሕግ ማወቅ አያስፈልግም። አንድ ቀን ከሥራ ሳይቀር ዓመታት የቆጠረ ስደተኛ በሚገባ ያውቀዋል።

ዋሽንግተን እንደገና ቡድን ያገኘችው በ2005 የሞንትሪያሉ ክለብ ወደዚህ ተዛውሮ «ናሽናልስ» ሲባል ነው። በ2008 በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የራሱ ስታዲየም ተከፈተለት። በ2019 የዓለም ዋንጫ የሚባለውን ወሰደ፤ ለከተማዋ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች። በእነዚያ ባዶ ዓመታት ኢትዮጵያዊው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1984 የሰሜን አሜሪካውን የስፖርት ፌዴሬሽን መሥርቶ በየዓመቱ በእግር ኳስ ይገናኝ ጀመር። ልጆቹ ግን የሚያድጉት ቤዝቦል በተመለሰባት ከተማ ነው።

ከቤት ወጥቶ ቤት መግባት

ጨዋታው እንደሚመስለው የተወሳሰበ አይደለም። በእያንዳንዱ ቡድን 9 ሰው ይሰለፋል። አንዱ ቡድን ሜዳውን ይዞ ይጠብቃል፤ ሌላው በተራ ይመታል። ወርዋሪው ኳሷን ይለቃል፤ መቺው ዱላውን ይሰነዝራል። መቺው የሚነሳበት ቦታ ስሙ «ቤት» ነው። ከቤት ወጥቶ፣ በሜዳው ዙሪያ ያሉትን ሦስት ማረፊያዎች ረግጦ፣ ተመልሶ ቤት የገባ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ሦስት ጊዜ የሳተ ይወጣል። ኳሷ መሬት ሳትነካ በጓንት የተቀለበችበትም ይወጣል። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ለሌላው ይሆናል። ሁለቱም ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ይባላል፤ ጨዋታው 9 ኢኒንግ ነው። ኳሷን አጥር ያሻገረ ሆም ራን መታ ይባላል፤ ማንም ሳያሳድደው ዞሮ ቤቱ ይገባል።

ከቤት መውጣት፣ በየማረፊያው መቆም፣ መንገድ ላይ መቅረትም ሊኖር ይችላል ብሎ መስጋት፣ በመጨረሻም ቤት መግባት። ይህን ለስደተኛ ማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅም።

ልጁ አስተማሪ ይሁን

እዚህ የተወለዱ ልጆች ብዙዎቹ ለወላጆቻቸው ማስተርጎም የለመዱ ናቸው። በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ፣ በስልክ ከባንክ ጋር በሚደረግ ንግግር ሁሉ የስምንት ዓመት ልጅ መካከል ይገባል። ያ ሸክም ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ልጁ ሁልጊዜ ታራሚ ነው፤ «እንዲህ አይባልም፤ ለትልቅ ሰው እርስዎ ነው የሚባለው» ይባላል። በስታዲየሙ ወንበር ላይ ግን ልጁ የሚያስተረጉመው ደስ የሚለውን ነገር ነው። «አየህ አባዬ፣ አሁን ሁለት ሰው ወጥቷል፤ አንድ ቀረ» ይላል። አባት መጠየቅ፣ መሳሳት፣ እንደገና መጠየቅ ይችላል። አለማወቁ እዚህ ነውር ሳይሆን ለልጁ የሚሰጠው ስጦታ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እግር ኳስ ዓይንን ነቅሎ ሌላ ነገር ማየት አያስችልም። ቤዝቦል ግን ፋታ የበዛበት ጨዋታ ነው። በአንዱ ውርወራና በሌላው መካከል፣ ተራ ሲለወጥ፣ ወርዋሪ ሲቀየር ለወሬ የሚሆን ጊዜ ይገኛል። ልጁ ተኝቶ እያለ ወጥቶ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ለሚገባ ወላጅ ይህ ፋታ ዋጋው ብዙ ነው። «አንተስ ልጅ ሳለህ ምን ትጫወት ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ያኔ የገና ጨዋታን መንገር ነው፤ ቆልማማውን ዱላ፣ ሩሯን፣ በዚያ ዕለት ጌታም በሎሌው እንደማይቆጣ። ልጁ አባቱ ዱላና ኳስ ከድሮ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም።

ከሆስፒታሉ ሥር ያለው ሜዳ

ለጥቁር ልጅ ሊነገር የሚገባው የቤዝቦል ታሪክም አለ። የሚጀምረውም ኢትዮጵያውያን በደንብ ከሚያውቁት ሠፈር ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚገኙበት ከዩ ስትሪትና ከ9ኛው መንገድ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በቆመበት ቦታ፣ ቀድሞ ግሪፍዝ ስታዲየም ነበር። በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። በሆስፒታሉ የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ የመጀመሪያውን ትንፋሽ የተነፈሰው በቤዝቦል ሜዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ሜዳ በ1940ዎቹ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ይጫወት ነበር። ትላልቆቹ ሊጎች ጥቁርን አያሰልፉም ነበርና። የግሬይስ ኮከብ የነበረው ጆሽ ጊብሰን የሞተው በጥር 1947 ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን በሩን የሰበረው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ነው። ሦስት ወር ቀደመው። የዋሽንግተን ሴናተርስ ደግሞ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው እስከ 1954 ቆይቶ ነው። በ2024 የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲቀላቀል፣ ጊብሰን በመምታት አማካይ ውጤት ከሁሉ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሐውልቱ በናሽናልስ ስታዲየም ቆሟል፤ ልጅን አቁሞ ማሳየት ይገባል።

የኢትዮጵያ ስምም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1930ዎቹ ከማያሚ የተነሳ አንድ የጥቁሮች ቡድን ራሱን «ኢትዮፒያን ክላውንስ»፣ የኢትዮጵያ ቀልደኞች፣ ብሎ ይጠራ ነበር። ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው ተመልካች ያስቁ ነበር፤ ጨዋታውንም አሳምረው ይችሉት ነበር። አገሪቱ በፋሺስት በተወረረችበት ዘመን ስሟ ለቀልድ መዋሉ ያስቆጣቸው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ቡድኑ በ1943 ሊግ ሲገባ «ኢትዮፒያን» የሚለውን ስም ተወ። በኋላ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ተባለ። በ1952 ከዚህ ቡድን የወጣው የ18 ዓመት ወጣት ሃንክ አሮን፣ በ1974 የቤብ ሩትን የሆም ራን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ለመሄድ ለተዘጋጀ

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሳ በቀዩ መስመር ጋለሪ ፕሌስ ወርዶ አረንጓዴውን ይይዛል። ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት የሚነሳ በቢጫው መስመር ላንፋንት ፕላዛ ደርሶ አረንጓዴውን ይይዛል። ሁለቱም ኔቪ ያርድ ይወርዳሉ፤ መኪና ማቆሚያ መፈለግ የለም። ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው በሰዓት ስለሚገደድ ጨዋታው አጥሯል፤ በአማካይ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወርዷል። ይህም ቢሆን ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ረጅም ነው። አምስት ኢኒንግ አይቶ መውጣት አያሳፍርም።

ከአራተኛው ኢኒንግ በፊት ግን መውጣት አይገባም። በዚያን ሰዓት ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ አራት ፕሬዚዳንቶች፣ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከንና ሩዝቬልት፣ በሜዳው ዳር ይሽቀዳደማሉ። ሩዝቬልት ከ2006 እስከ 2012 ከ500 ጊዜ በላይ ሮጦ አንድም ቀን ሳያሸንፍ ቆይቷል። ተስፋ አለመቁረጥን ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በአንዳንድ እሑዶች ከጨዋታው በኋላ ሕፃናት ሜዳው ውስጥ ገብተው ማረፊያዎቹን እንዲዞሩ ይፈቀዳል፤ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በጾም ቀን፣ በተለይም በነሐሴ ፍልሰታ፣ ሆት ዶጉ ቢቀር ለውዝና ፈንዲሻ አይጠፋም። ኮፍያና ውኃ አይረሳ። ከመረብ ውጭ የተቀመጠ ሰው ኳስ ሲመታ ዓይኑን ከሜዳው አያንሳ። ለልምምድ ያህል ደግሞ በሰመር ወራት የኮሌጅ ወጣቶች በሚጫወቱባቸው ቡድኖች መጀመር ይቻላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ተንደርቦልትስ፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ ኤይስስ አላት። እነዚህ ፕሮፌሽናል አይደሉም፤ ልጁ ግን ተጫዋቾቹን በቅርብ ያያል፤ ወላጅም ሕጉን ያለ ብዙ ወጪ ይለምዳል።

ልጅ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድሜ አጭር ነው። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ሲሞላው ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል፤ አባቱን መጠየቁንም ይተዋል። የቤዝቦሉ ወቅት ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ወላጅ የሥራ ፈረቃውን አይቶ፣ ከነዚያ ወራት አንዱን ቀን መርጦ፣ ያቺን «አንድ ቀን» ማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈው ካላንደር ላይ ይክበባት። ልጁም ያያታል።