የሰው ነፍስ አደራ የተጣለበት ኮምፒውተር

በዚህ ዓመት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ቢሮዬ መጥታ፣ «ኮምፒውተር ተምሬ ተመራማሪ ብሆን ምንድን ነው የምመራመረው?» ስትል ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን መልሴ አጭር ነበር። ሰፋ ያለውን ለሁላችሁም እነሆ።

ኮምፒውተር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ነው። ነገር ግን በሌላ መሣሪያ ሆድ ውስጥ ተደብቀው የሚሠሩም አሉ፤ በመኪና ፍሬን፣ በሕክምና መሣሪያ፣ በአውሮፕላን ውስጥ። በሙያው ቋንቋ ኢምቤድድ ሲስተም ይባላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ትክክለኛ መልስ መስጠታቸው ብቻ አይበቃም፤ በሰዓቱ መስጠት አለባቸው። መኪና ሲጋጭ የሾፌሩን ደረት የሚያድነው ኤርባግ ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መነፋት ይኖርበታል። ከዘገየ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

በዚህ መስክ ስማቸው ከሚጠራ ምሁራን አንዷ በአሜሪካ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ናንሲ ሌቭሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከክላርክ ተርነር ጋር ያሳተሙት ጥናት ቴራክ-25 ስለተባለ የካንሰር ጨረር ማከሚያ ነበር። መሣሪያው ከ1985 እስከ 1987 ለስድስት ሕሙማን ከታዘዘው እጅግ የበዛ ጨረር ሰጥቷል፤ የሞቱም አሉ። ከስህተቶቹ አንዱ የጊዜ ነበር። ባለሙያዋ ያስገባችውን ትእዛዝ በ8 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ አርማ ከጨረሰች፣ ሶፍትዌሩ እርማቱን ሳያይ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሚደርሰው ሥራውን ለምዶ በፈጠነ እጅ ነበር። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያግድ ከሶፍትዌር ውጭ የሆነ መከላከያ ነበረ፤ በዚህኛው ግን ሶፍትዌሩ ታምኖ ቀረ።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። እኛም ለበዓልና ለለቅሶ የምንመላለስበት መስመር ነው። ቦይንግ 737 ማክስ የአፍንጫውን ከፍታ ከሚመጣው አየር አንጻር የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጠው ሶፍትዌሩ እንደታዘዘው ሠራ፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር ገፋ። ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንዲያነጻጽር ሆኖ የታረመው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ የዚህ ተመራማሪ ጥያቄ «ይሠራል ወይ?» ብቻ አይደለም። «ሲሳሳትስ ማን ይጎዳል? ምን ያስቆመዋል?» የሚል ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ዓመታት የሚወስድ ዶክትሬት፣ ከዚያም ማስተማር፣ ማሳተም፣ የሌሎችን ሥራ መመርመር። መሠረቱ ሒሳብና ፊዚክስ ነው፤ አጥርቶ መጻፍም ያስፈልጋል፤ ያገኙትን አደጋ ለሌላው ማስረዳት ካልቻሉ ማወቁ ብቻውን ማንንም አያድንም።

ልጆቼ፣ ፈተና ሲመለስላችሁ ማርኩን አይታችሁ ወረቀቱን የምታጥፉ ብዙ ናችሁ። ይህ ሙያ የሚጀምረው ያንን ወረቀት መልሶ ገልጦ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳቱና ለምን እንደተሳሳቱ ከመፈለግ ነው። ለጠየቅሽኝ ልጄም መልሴ ይኸው ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ወረቀትሽን አትጠፊው።