ከእሽቅድምድም ሜዳ እስከ ሊማሊሞ፦ የፊት ጎማ ዘንበል ማስተካከያ ክፍሎች አመራረጥ



የዛሬው ትምህርት የሚያተኩረው ጠባብ በሚመስል አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ የፊት ጎማን ዘንበል፣ ማለትም ካምበርን፣ ለማስተካከል የሚያገለግሉ ክፍሎች እንዴት ይመረጣሉ? ጥያቄው በአመዛኙ የሚነሣው ስለ ስፖርት መኪና ሲወራ ነው። እኔ ግን ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰውን፣ ከዚያም በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን መንገድ መመዘኛ አድርጌ ላቀርበው እወዳለሁ። ለእሽቅድምድም ሜዳ የሚበጅ ክፍል ለዚህ ቁልቁለት ይበጃል ማለት አይደለምና።

ካምበር መኪናው ከፊት ለፊት ሲታይ ጎማው ከቋሚው መስመር የሚያጋድልበት ማዕዘን ነው። የጎማው አናት ወደ ውስጥ ሲያጋድል ኔጋቲቭ፣ ወደ ውጭ ሲያጋድል ፖዚቲቭ ይባላል። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ 1 ዲግሪ ማለት ከአናቱ እስከ መሬት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ነው። የእሽቅድምድም መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ የውጭው ጎማ በጠርዙ ብቻ እንዳይቆም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ 2 ወይም 3 ዲግሪ ኔጋቲቭ ይሰጠዋል። በዝግታ ለሚጓዝ የሕዝብ ማመላለሻ ግን ይኸው ማዕዘን የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ይበላዋል። ያ ጠርዝ ደግሞ ከውጭ ለሚመለከት አይታይም፤ ሾፌሩ ጉዳቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሽቦው ከወጣ በኋላ ነው።

የሊማሊሞ መንገድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን ተከትሎ የተሠራ ነው። ብራቾ፣ ቴስቲና፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን የሚሉት የጋራዥ ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይሸጋገራል። በዚያ ላይ ድንጋይና ጉድጓድ ሲጨመር፣ ማስተካከያው ክፍል የሚፈተነው ማዕዘኑን ምን ያህል ይለውጣል በሚለው ሳይሆን፣ በተሰጠው ቦታ ጸንቶ ይቆያል ወይ በሚለው ነው።

ስለዚህ ክፍል ከመግዛታችን በፊት ማዕዘኑ ለምን እንደ ተበላሸ መጠየቅ ይገባል። አንዱ ጎማ ብቻ ከልኩ ወጥቶ ከተገኘ ብራቾው ወይም ፉዜሎው ተጣሞ፣ ቴስቲናው ላልቶ፣ ኩሽኔታው ተበልቶ፣ ጎሚኒው ደቅቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ማስተካከያ መጨመር ሕመሙን ሳያድኑ ትኩሳቱን ብቻ ማብረድ ነው፤ የላላው ቴስቲና በቁልቁለቱ መካከል ቢወልቅ ጎማው ከመሪው ቁጥጥር ይወጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመኪናው አሠራር ነው። ቪትዝንና ኮሮላን በመሰሉ መኪናዎች ፉዜሎው ከሾኩ ጋር በሁለት ቡሎኖች ይያያዛል። ከእነርሱ አንዱን ወገቡ በቀጠነና ሲዞር ጎማውን በሚያጋድል ቡሎን መተካት ርካሽና ቀላል ነው። ሆኖም ከመሬት እስከ ጎማው መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ሲኖር፣ ሁለቱ ቡሎኖች የሚራራቁት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጎን የሚመጣ ግፊት ቡሎኖቹ ዘንድ ሲደርስ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቀጭኑን ቡሎን የሚይዘው የማጥበቂያው ኃይል ብቻ ስለሆነ፣ በቺያቤ በግምት ማጥበቅ አይበቃም፤ አምራቹ በወሰነው ልክ በመለኪያ ቺያቤ መጥበቅ አለበት።

ሁለተኛው አማራጭ በሾኩ አናት ላይ የሚገጠም ተንሸራታች ሳህን ነው። ለእሽቅድምድም እጅግ ምቹ ነው፤ ማዕዘኑን በደቂቃዎች ውስጥ ለመለወጥ ያስችላልና። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ለበሱን መያዣ በብረት ኩሽኔታ ስለሚተካ ንዝረቱን በቀጥታ ወደ አካሉ ያሳልፋል፤ አቧራና ጭቃም ቶሎ ይበላዋል። ለዚህ መንገድ አልመርጠውም።

በላይና በታች ብራቾ በሚሠሩ መኪናዎች ደግሞ በላይኛው ብራቾና በሻንሲው መካከል ስስ የብረት ንጣፎች የሚገቡበት አሠራር አለ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም በሚገባ ከጠበቀ የሚንሸራተት ነገር ስለሌለው ለድንጋያማ መንገድ ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ላንድክሩዘር 70ንና ብዙዎቹን የጭነት መኪናዎች የመሳሰሉት፣ ፊታቸው በአንድ ወጥ አክስል የቆመ፣ በተለመደው አሠራር የካምበር ማስተካከያ የላቸውም። ማዕዘናቸው ከልኩ ከወጣ የሚፈለገው የተጣመመ ወይም ያለቀ ክፍል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ብራቾን ወይም ፉዜሎን በእሳት አግሎ ማቃናት፣ ቀዳዳንም በሞረድ ማስፋት ነው። ለጥንካሬ በሙቀት የታከመ ብረት እንደ ገና ሲግል ጥንካሬውን ያጣል፤ ጉዳቱ ግን በዓይን አይታይም።

በመጨረሻም የሥራው ቅደም ተከተል ይጠበቅ። የጎማ ነፋስ ይለካ፤ መኪናው ዘወትር በሚጭነው ክብደት ልክ ይቁም፤ መጀመሪያ ካምበርና ካስተር፣ ቀጥሎ የጎማዎቹ ፊትና ኋላ ርቀት ይስተካከል። ካምበር ሲለወጥ እርሱም ይለወጣልና። የጠበቀው ቡሎን በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ መኪናው ሊማሊሞን ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ምልክቱ ይታይ። ምልክቱ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ክፍሉ ለዚያ መንገድ አይበቃም፤ በሌላ መተካት አለበት።

የስፖርት መኪና መሐንዲስ የሚሻው ሰከንድ ነው፤ እኛ የምንሻው ተሳፋሪው በሰላም ዛሪማ እንዲደርስ ነው። ምርጫችን ከዚህ ዓላማ ይነሣ።